ከመለጠፋችሁ በፊት፦ ሰው የሚያናድዱ የቋንቋ ስህተቶችንና የተሳሳቱ «እውነታዎችን» እንዴት ታጠራላችሁ?

አንድ ጽሑፍ አንባቢውን የሚያናድደው ወይ ቋንቋው ሲጎረብጥ ነው፣ ወይ ውሸት የሆነ ነገር «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ተብሎ እንደ እውነት ሲቀርብ ነው። ሁለቱም በየቀኑ ያጋጥሙናል። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው ማንንም በማይጎዳው ስህተት ላይ ነው። አንዱ «ሠ» በ«ሰ» ተተካ ብሎ ሰው ያሸማቅቃል፤ ያው ሰው ግን ገና ያልተፈረደበትን ሰው «ወንጀለኛ» ብሎ ሲጽፍ ምንም ቅር አይለውም።

ስለዚህ እዚህ የማስቀምጠው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሚያሳስተውን፣ ቀጥሎ የሚያናድደውን፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ጌጡን። ለረጅም ጽሑፍም፣ ለቴሌግራም መልእክትም፣ ለቢሮ ደብዳቤም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ትርጉም የሚያፋልሰውን ቃል ፈልጉ

ጽሑፉን አንዴ ሙሉውን አንብቡት። በዚህ ዙር ፊደልም ነጥብም አትዩ። የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ አንባቢው እኔ ካሰብኩት ሌላ ነገር ሊረዳ ይችላል ወይ?

በጣም ከተለመደው እንጀምር፤ «ጋ» እና «ጋር»። «ጋ» ቦታን ያሳያል፣ «ጋር» አብሮነትን። «ነገ እሷ ጋ እሄዳለሁ» ያለ ሰው የሚሄደው እሷ ወዳለችበት ነው። «ነገ ከእሷ ጋር እሄዳለሁ» ያለ ሰው ደግሞ ከእሷ ጋር ሆኖ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በንግግር «ቁልፉ እሱ ጋር ነው» ስንል ሁኔታው ስለሚያግዘን እንግባባለን። በጽሑፍ ግን የሚያግዝ ነገር የለም። «ሰነዱን ኃላፊው ጋር አቅርቡ» የሚል ማስታወቂያ አስቡ፤ ኃላፊው ተቀባይ ይሁን አብሮ አቅራቢ አይለይም። መሞከሪያው ቀላል ነው። በቃሉ ቦታ «ዘንድ» አስገቡና አንብቡት። ከሄደ «ጋ» ነው። «አብሮ» የሚለው ከሄደ «ጋር» ነው፤ ያኔ ፊቱ ላይ «ከ» መኖሩን አረጋግጡ።

ከዚህ የበለጠ የሚጎዳው የፍርድ ቤት ቋንቋ ነው። ፖሊስ ጠርጥሮ የያዘው ሰው ተጠርጣሪ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይሆናል። ወንጀለኛ የሚባለው ግን ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነው ብሎ ከወሰነ በኋላ ብቻ ነው። ሦስቱን ቃላት እያቀያየረ የሚጽፍ ሰው ገና ያልተሰጠ ፍርድ እየሰጠ ነው፤ ሰውየው ከወራት በኋላ በነፃ ቢሰናበት እንኳ ያ ቃል ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ ማንም ተመልሶ አያነሳለትም። ስለዚህ የሰው ስምና ወንጀል አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከገቡ እዚያ ላይ ቆም በሉ።

ሌላው «የአየር ንብረት» ነው። ትናንት የጣለው ዝናብ የአየር ሁኔታ ነው። የአየር ንብረት ደግሞ የረጅም ዘመን ጠባይ ነው፤ ባለሙያዎች በተለምዶ የ30 ዓመት አማካይ ይወስዳሉ። «ዘንድሮ እንዲህ በርዶን የምን የዓለም ሙቀት ነው?» የሚለው ክርክር የሚመጣው ሁለቱን ከመቀላቀል ነው። አንድ ቀዝቃዛ ወቅት የ30 ዓመት አማካይን አይሽርም።

ቁጥር ላይም እንዲሁ። ከ10 በመቶ ወደ 15 በመቶ የወጣ ነገር «በ5 በመቶ ጨመረ» አይባልም። የጨመረው በ5 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ በመቶ ይነገር ከተባለ ጭማሪው 50 በመቶ ይሆናል። ግራ የሚገባችሁ ከሆነ ሁለቱንም ቁጥር ጻፉና ተገላገሉ፦ «ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል»።

ደረጃ 2፦ ቀኑንና ሰዓቱን ከነአቆጣጠሩ ግለጹ

«በ2012 ተመረቀ» የሚል ጽሑፍ ያለ አቆጣጠሩ ግማሽ መረጃ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ በኤውሮፓ 2019 ወይም 2020 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ወሩን ሳያውቁ ዝም ብሎ 8 መደመር ወይም መቀነስ ያሳስታል።

«እ.ኤ.አ.» ራሷ ብዙ ሰው ታሳስታለች። ስትዘረዘር «እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር» ናት፤ መሃል ያለችው ፊደል «ኤ» ናት። «እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ የሚያነባት ግን ብዙ ነው፣ እሱ ሲያነብም በ7 ወይም በ8 ዓመት ይሳሳታል። አንባቢያችሁ የተደባለቀ ከሆነ አታሳጥሩ። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ወይም «በኤውሮፓ አቆጣጠር» ብላችሁ አንዴ ከላይ ጻፉ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው በዚያው ሂዱ።

ለሰዓትም ያው ነው። «3 ሰዓት» ከማለት «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በሉ። ውጭ አገር ያለ ሰው ስብሰባው ውስጥ ካለ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት።

ደረጃ 3፦ ብዙ ቁጥር ላይ ሌላ ብዙ ቁጥር አትደርቡ

«ሕፃናቶች»፣ «መምህራኖች»፣ «ቃላቶች»፣ «እንስሳቶች»፣ «መጻሕፍቶች»፣ «ኢትዮጵያውያኖች»። ለብዙ ሰው ጆሮ ከዚህ በላይ የሚኮሰኩስ ነገር የለም። የሚመጣውም ከአንድ ቦታ ነው። አማርኛ ከግእዝ የወረሳቸው ብዙ ቃላት ብዙ ቁጥራቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ ሕፃን ሕፃናት፣ ቃል ቃላት፣ መጽሐፍ መጻሕፍት ይላል። እኛ ደግሞ የለመድነውን «ኦች» እንጨምርበታለን።

መፈተኛው ይኸው። «ኦች»ን አንሱና ከቀረው ፊት «አንድ» ጨምሩበት። «አንድ ሕፃናት» ይባላል? አይባልም። ስለዚህ ቃሉ ቀድሞውኑ ብዙ ነው፣ «ኦች» አያስፈልገውም። «አንድ ወጣት» ይባላል? ይባላል። ስለዚህ «ወጣቶች» ልክ ነው። ይህን የምለው አንዳንዱ ሰው ከጥንቃቄ ብዛት «ወጣት»ንም በ«ት» ስላለቀ ብቻ ብዙ ቁጥር አድርጎ ስለሚቆጥረው ነው። በሁለቱም መንገድ መሄድ ትችላላችሁ፤ «ባለሥልጣናት» ወይም «ባለሥልጣኖች»፣ «መምህራን» ወይም «መምህሮች»። ሁለቱን አንድ ላይ ግን አይደለም።

እግረ መንገዴን ስህተት ያልሆነውን ልንገራችሁ። «ሦስት ልጅ አለኝ» ስህተት አይደለም። ከቁጥር በኋላ ስሙን በነጠላ መተው የአማርኛ የራሱ ወግ ነው፣ «ሦስት ልጆች» ማለትም ይቻላል። «ሚዲያዎች»ም ስህተት አይደለም። ቃሉ በመጣበት ቋንቋ ብዙ ቁጥር ቢሆንም አማርኛ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚገዛው በአማርኛ ሰዋስው ነው። «ኤችአይቪ ቫይረስ» ሲባል «ቪ»ዋ ራሷ ቫይረስ ናት ብሎ የሚቆጣም አለ፤ ድግግሞሹ እውነት ነው፣ ግን ማንንም ስለማያሳስት እኔ አልነካውም።

ደረጃ 4፦ ፊደል ላይ የት እንደምትጠነክሩ ወስኑ

ሞክሼ ፊደላት የማያልቅ ጭቅጭቅ ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፣ በአማርኛ አነጋገር ግን አንድ ሆነዋል። ድምፁ ስለማይለይ ሰው መሳሳቱ አይገርምም። ይቀነሱ የሚልና ይጠበቁ የሚል ክርክር ከድሮ ጀምሮ አለ፣ መዝገበ ቃላትም ቢሆኑ በሁሉም ቃል አይስማሙም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያ ትርጉም የሚለውጡትን ጥቂት ጥንዶች በቃላችሁ ያዙ። «ድህነት» የማጣት ነው፣ «ድኅነት» የመዳን ነው። «ሰረቀ» የሌባ ነው፣ «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት ነው። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ነው፣ «ሰአሊ» ግን ለምኚ ማለት ነው። የሃይማኖት ጽሑፍ የምትጽፉ ከሆነ እነዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ «ድኅነት ለሁሉም» ልትሉ ፈልጋችሁ «ድህነት ለሁሉም» ብትሉ አንባቢው ምን እንደሚሰማው አስቡት። ቀጥሎ የሰው ስም አለ። ስም ባለቤቱ እንደሚጽፈው ነው የሚጻፍ፤ «ኃይሉ» ብሎ የሚጽፈውን «ሀይሉ» አትበሉት፣ የተገላቢጦሽም እንዲሁ። በተረፈ አንዱን ቃል በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፉ። ከላይ «ዓለም»፣ ከታች «አለም» ሲሆን ነው አንባቢው የሚሰናከለው።

እኔ የምጠነክረው የድምፅ ልዩነት ያላቸው ላይ ነው። «ጊዜ» ነው እንጂ «ግዜ» አይደለም። «ውስጥ» ነው እንጂ «ዉስጥ» አይደለም። ይህኛው የሚመጣው ከስልክ ነው፤ በአብዛኛው በላቲን ፊደል እንደ ድምፁ በሚጻፍባቸው የፊደል ገበታዎች ላይ ሳድሱ («ው») የሚወጣው ተነባቢውን ብቻ ሲነኩ ነው፣ አናባቢ ሲጨመርበት ካዕብ («ዉ») ይሆናል። ጣት ሲቸኩል «ውሃ» «ዉሃ» ይሆናል። «ጉዋደኛ» እና «መጥቱዋል»ም ከዚሁ የመጡ ናቸው፤ «ጓ» እና «ቷ» ለብቻቸው ፊደል አላቸው፣ ስልካችሁ ላይ የት እንዳሉ አንዴ ፈልጋችሁ አግኟቸው።

ደረጃ 5፦ የተንዛዛውን ዓረፍተ ነገር አራግፉ

ሰው በጣም የሚያናድደው፣ ማንም ግን ስህተት ብሎ የማይጠራው ይህኛው ነው። ሰዋስው አልተጣሰም። ግን ነገሩ የለም። እስቲ ይህን ተመልከቱ፦

«የመንገዱን ብልሽት ከመቅረፍ አንጻር የጥገና ሥራ የመሥራት ሥራ እየተሠራ ባለበት ሁኔታ ላይ እንገኛለን።»

በስብሰባ፣ በሪፖርት፣ በዜና ሁሉ የምንሰማው ቋንቋ ነው። 13 ቃል ነው፣ ከሥራ የወጣ ቃል ብቻ አራት ጊዜ ተመላልሶበታል። አሁን እናራግፈው።

አንደኛ፣ እውነተኛውን ድርጊት ፈልጉ። እዚህ ውስጥ የተደበቀው ድርጊት «መጠገን» ነው። እሱን ግሥ አድርጉት፦ «እየጠገንን»። ሁለተኛ፣ «ከ... አንጻር»፣ «ከ... አኳያ»፣ «ባለበት ሁኔታ»፣ «በሚል መልኩ» የሚሉትን አንድ በአንድ አውጡና ትርጉም የጎደለ እንደሆነ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጎድልም። ሦስተኛ፣ ማን እንደሚሠራው ግልጽ ይሁን። «እየተሠራ ይገኛል» ሲባል ሠሪው ይጠፋል፤ ሠሪ ከሌለ ተጠያቂም የለም፣ አንባቢውን የሚያበሽቀውም ይኼ ነው።

የቀረው ይህ ነው፦ «መንገዱን እየጠገንን ነው።»

ሦስት ቃል። አሁን ባዶ ቦታ ስለተገኘ ሰው የሚፈልገውን መጨመር ይቻላል፦ ከየት እስከ የት? መቼ ያልቃል? እስከዚያ በየት በኩል ይታለፍ? ረጅሙ ዓረፍተ ነገር እነዚህን ሳይመልስ ነበር 13 ቃል የፈጀው። ይህን ልምምድ በራሳችሁ ሪፖርት ላይ አንድ ገጽ ያህል ሞክሩት፤ ገጹ በጣም ሲያጥር ታያላችሁ።

በየመሃሉ የሚገቡት የእንግሊዝኛዎቹ «ሊትራሊ» እና «ቤዚካሊ» ደግሞ ከጓደኛ ጋር ስታወሩ ምንም አይደሉም። ቃሉን የማያውቅ አንባቢ ካለ ግን ይቅሩ።

አክብሮትን በተመለከተ አንድ ነገር ላክል። «እርስዎ» ብላችሁ ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ይሁን። «ውድ ደንበኛችን፣ እርስዎ ያቀረቡት ማመልከቻ ደርሶናል፤ ውጤቱን ነገ መጥተህ ውሰድ» የሚል መልእክት ታላቅ ሰውን ያስቀይማል። ግሦቹን ብቻ ለይታችሁ አንዴ ተመልከቷቸው፣ ወዲያው ይታያል።

ደረጃ 6፦ «እውነታውን» ፈትኑት

ቋንቋው ከጠራ በኋላ ይዘቱ ይቀራል። ትንሽ የሚከብደው እዚህ ነው፤ የተሳሳተ እውነታ ሲነበብ ደስ ይላል፣ ደስ የሚል ነገር ደግሞ ለማጣራት አያነሳሳም።

ምልክቶቹን ልንገራችሁ። ምንጩ «ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» ብቻ ከሆነ ጠርጥሩ፤ የትኞቹ? የት? መቼ? ቁጥሩ በጣም ክብ ከሆነ ጠርጥሩ። «የሰው ልጅ የሚጠቀመው 10 በመቶ አእምሮውን ብቻ ነው» የሚለው ጥሩ ምሳሌ ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ከምናቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። 90 በመቶው ሥራ ፈት ቢሆን ኖሮ ሰውነት ይህን ያህል አይከፍልለትም ነበር። ደግሞም በተለያዩ የአንጎል ክፍሎች ላይ የሚደርስ ትንሽ ጉዳት እንኳ ንግግርን፣ እይታን ወይም እንቅስቃሴን ሲያውክ ይታያል።

ሁለተኛው መፈተኛ ነገሩን በልክ ማሰብ ነው። «የቻይና ግንብ ከጨረቃ ይታያል» ይባላል። ጨረቃ በአማካይ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ግንቡ ረጅም ነው፣ ወርዱ ግን ጥቂት ሜትር ነው፣ ቀለሙም ከአካባቢው አፈርና ድንጋይ ብዙ አይለይም። ርዝመት ብቻውን አንድን ነገር ከሩቅ አያሳይም። በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር የወጣው የመጀመሪያው ቻይናዊ ያንግ ሊዌይ ከምድር ምሕዋር ሆኖ እንኳ አላየሁትም ብሏል፤ እሱ የነበረበት ከፍታ ደግሞ ከጨረቃ ጋር ሲወዳደር ደጃፍ ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ የሚያጽናና ከሆነ ሁለቴ ፈትኑ። «አንስታይን ሒሳብ ይወድቅ ነበር» የሚለው የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው፣ የወደቀን ተማሪ ያበረታታል። ግን እውነት አይደለም። ራሱ ተጠይቆ 15 ዓመት ሳይሞላው ካልኩለስ የሚባለውን ከፍተኛ ሒሳብ እንደተካነ መልሷል። ልጅን ለማበረታታት ውሸት አያስፈልግም።

የታዋቂ ሰው ጥቅስም እንዲሁ ነው። «ዳቦ ከሌላቸው ኬክ ይብሉ» የሚለው በፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ስም ይዞራል። ተመሳሳዩን ወግ ግን ፈላስፋው ሩሶ ስሟ ባልተጠቀሰ ልዕልት አፍ አስገብቶ ጽፎታል፣ በጻፈበት ጊዜ ማሪ አንቷኔት ገና ልጅ ነበረች፣ ፈረንሳይንም አልረገጠችም። ጥቅስ ስታገኙ የተባለበትን ቀንና ቦታ ፈልጉ። ከሌለው ስሙን አውጡና «እንደሚባለው» በሉ።

የሚያስቁና የማይጎዱ ብዙ አሉ፤ እስስት ቀለሟን የምትለውጠው በዋናነት ከሌሎች እስስቶች ጋር ለመግባባትና ሙቀቷን ለመቆጣጠር ነው፣ ሰጎንም ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ አትቀብርም። «እንደ እስስት ይለዋወጣል» ማለት ግን መብታችሁ ነው። ዘይቤ ነው፣ የባዮሎጂ ትምህርት አይደለም።

ሰው የሚጎዳው ላይ ግን አትለሳለሱ። «መብረቅ አንድ ቦታ ሁለቴ አይመታም» ውሸት ነው። ኒው ዮርክ ያለው የኢምፓየር ስቴት ሕንፃ በዓመት 20 ጊዜ ያህል ይመታል። ይህን አምኖ አንዴ በተመታ ዛፍ ሥር የሚጠለል ሰው ነፍሱን አደጋ ላይ ይጥላል። «ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ውሰድ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው። ያለ ምክንያት ሲወሰድ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይለምዱታል፣ በኋላ የምር ሲያስፈልግ አልሠራ ይላል። ሁለቱንም «ጀርም» እያልን ስለምንጠራቸው ነው ልዩነቱ የሚጠፋን። ጤና ላይ የምትጽፉ ከሆነ ቫይረሱን ቫይረስ፣ ባክቴሪያውን ባክቴሪያ በሉት።

ደረጃ 7፦ ሌላ ሰው ስታርሙ

ብቻውን ንገሩት። ሰው ፊት የታረመ ሰው ስህተቱን ከመቀበል ይልቅ ክብሩን ይከላከላል። አንድ ጊዜ ላይ አንድ ስህተት ብቻ አንሱ፣ እሱም ከደረጃ 1 ወይም ከደረጃ 6 ቢሆን ይመረጣል። ሰው ሐዘኑን ወይም በደሉን እየጻፈ ከሆነ ፊደሉን ተዉት። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነን ሰው ካልጠየቃችሁ አታርሙት። የየአካባቢው አነጋገርም ስህተት አይደለም፣ እናንተ ካደጋችሁበት ስለተለየ ብቻ አትሳቁበት።

የተሳሳተ እውነታ ከሆነ እውነቱን አስቀድሙ። ውሸቱን እየደጋገሙ «ይህ ውሸት ነው» ማለት ውሸቱን ያስታውሳል። ታላቅ ሰው ከሆነም እንዲህ ሊባል ይችላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ስለ ጉንፋኑ የላኩትን አየሁት። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም፣ ጉንፋን ደግሞ ከቫይረስ ነው። ልጆቹ አይተው እንዳይገዙ ብዬ ነው። ሐኪም ቢጠየቅ ይሻላል።»

ምክንያቱ ተነግሯል፣ መፍትሔው አለ፣ ክብሩም አልተነካም። ካልተቀበሉ አንዴ ተናግራችኋል፣ በቃ። ጉዳዩ የሰው ጤና ወይም የሰው ስም ከሆነ ግን መልእክቱ የደረሳቸው ሌሎች ሰዎች እንዲያዩት እውነቱን ለብቻው፣ የማንንም ስም ሳትጠሩ ጻፉት።

የእናንተው ጽሑፍ ሆኖ ስህተቱ ከወጣ በኋላ ከታወቀ ዝም ብላችሁ አታጥፉት። ቀድሞ ያነበበው ሰው የተሳሳተውን ይዞ ሄዷልና። «ማስተካከያ» ብላችሁ ምን እንደነበረና ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፉ፣ እሷንም ከጽሑፉ በላይ አስቀምጧት፤ ከታች ከሆነች እስከዚያ ድረስ የሚያነብ ጥቂት ነው።